ፀሐይ ለምን እስከ ረቡዕ ቆየች?

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ሲኖራችሁ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ብርሃን የተፈጠረው እሑድ ነው። ፀሐይ የተፈጠረችው ደግሞ ረቡዕ። በመሃል ሦስት ማታና ሦስት ጠዋት አልፏል፤ ማክሰኞ ዕለት ሣሩም ዛፉም በቅሏል። ይህን ለማየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያየዋል።

የእህቴ ልጅም አየው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ፊዚክስ ይወዳል። በዘንድሮው ፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ጥያቄዋን ጣል አደረጋት፦ «ፀሐይ ሳትኖር ጠዋት ማለት ምን ማለት ነው?» እናቴ «ተው ልጄ፣ በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም» አለችው። አንድ ዘመዳችን ሊያስታርቅ ገባና፣ እዚያ ላይ ቀን የተባለው ረጅም ዘመን ነው፣ ሚሊዮን ዓመትም ሊሆን ይችላል አለው። ልጁ ወዲያው፦ «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ዛፎቹ ሚሊዮን ዓመት ያለ ፀሐይ እንዴት ኖሩ?» ዘመዳችን ወደ ዶሮ ወጡ ተመለሰ።

እኔን ያሳሰበኝ ጥያቄው አልነበረም፣ ከጥያቄው በኋላ የመጣው ነው እንጂ። ልጁ «ይሄ መጽሐፍ የሕፃናት ተረት ነው» ወደሚል ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወ። እናቴ ደግሞ «ትምህርቱ ልጄን ነጠቀኝ» ወደሚል ሄደች። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ሳምንት ሙሉ በወጉ አልተነጋገሩም። የሚገርመው፣ ሁለቱ ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ምዕራፉን የሚያነቡት እንደ ንብረት ክፍል መዝገብ ነው፦ በዚህ ቀን ይህ ገባ፣ በዚያ ቀን ያ ገባ። አንዷ መዝገቡ ትክክል ነው ትላለች፣ ሌላው መዝገቡ ተዛብቷል ይላል። መዝገብ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ግጥም ስሰጣቸው «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ እንዴት ተሠራ ነው የምለው። የት ቤት መታ? የትኛው ቃል ተደጋገመ? የትኛው ስንኝ ከየትኛው ጋር ይነጋገራል? ሠሪው ምን እንዳለ የሚታወቀው እንዴት እንደሠራው ሲታወቅ ነው። ዕብራይስጡንም በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ በኤሊ ፍጥነትም ቢሆን አነባለሁ። ለእኛ ያን ያህል ባዕድ ቋንቋ አይደለም። ሰማይ «ሻማይም» ነው፣ ኮከብ «ኮኻቭ»፣ ሌሊት «ላይላ»፣ ነፍስ «ኔፌሽ»። ግዕዝ የቀመሰ ሰው ደግሞ ዘመድ ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

በሁለተኛው ቁጥር ላይ ምድር የነበረችበት ሁኔታ በሁለት ቃላት ተገልጿል፦ «ቶሁ» እና «ቦሁ»። ትርጉማቸው ብዙ ተብሎበታል፤ በጥቅሉ ግን አንደኛው መልክ የለሽነትን፣ ጠፍነትን ያሳያል፣ ሁለተኛው ባዶነትን። የሚኖርበት ቅርጽ የላትም፣ የሚኖርባትም የለም። ሁለት ችግር ቀርቧል ማለት ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት ስድስት ቀናት ለሁለት ይከፈላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ዋናው ሥራ መለየት ነው። እሑድ ብርሃን ከጨለማ ይለያል። ሰኞ በጠፈር አማካይነት የላይኛው ውኃ ከታችኛው ይለያል። ማክሰኞ ባሕር ከየብስ ይለያል፣ የብሱም ዕፀዋትን ያበቅላል። በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ደግሞ ሥራው መሙላት ነው። ረቡዕ መብራቶቹ፣ ሐሙስ የውኃ ፍጥረታትና ወፎች፣ ዓርብ የምድር እንስሳትና ሰው።

አሁን ሁለቱን ሦስት ሦስት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እሑድ ብርሃን፣ ረቡዕ ብርሃን ተሸካሚዎች። ሰኞ ሰማይና ውኃ፣ ሐሙስ በሰማይ የሚበሩና በውኃ የሚዋኙ። ማክሰኞ ምድርና ዕፀዋት፣ ዓርብ በምድር የሚሄዱና ዕፀዋቱን የሚበሉ። የመጀመሪያው ረድፍ ቤቱን ይሠራል፣ ሁለተኛው ነዋሪውን ያስገባል። ቶሁ በሦስት ቀን፣ ቦሁ በሦስት ቀን።

«በአጋጣሚ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አጋጣሚ አለመሆኑን ለእኔ የሚያሳየኝ የሥራዎቹ ቁጥር ነው። የፍጥረት ሥራዎቹን ብትቆጥሯቸው ስምንት ናቸው፦ ብርሃን፣ ጠፈር፣ የብስ፣ ዕፀዋት፣ መብራቶች፣ የውኃና የአየር ፍጥረታት፣ የምድር እንስሳት፣ ሰው። ቀናቱ ግን ስድስት ናቸው። የሚዘረዝር ሰው ቢሆን ስምንት ሥራን በስምንት ቀን ይጽፍ ነበር። እዚህ ግን ማክሰኞ ሁለት ሥራ ተጭኖበታል፣ ዓርብም እንዲሁ ሁለት፤ የሁለቱ ረድፍ መዝጊያዎች ማለት ነው። ስምንቱን ወደ ስድስት ለማስገባት በልክ ተቀምጠዋል። ይህን ያደረገ ሰው ሰባተኛውን ቀን ለሌላ ነገር ፈልጎታል።

ይህ የመለየትና የመሙላት ነገር የዛሬ ምሁራን ፈጠራም አይደለም። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመለየት ሥራና የማስጌጥ ሥራ ብሎ ለይቶታል። ከእሱም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ቀናት በሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶች ውስጥ ከፀሐይ በፊት ስለነበረው ብርሃን በግልጽ አንስቷል። የእህቴ ልጅ ጥያቄ ቢያንስ 1,600 ዓመት ዕድሜ አለው። ይህን ስነግረው ትንሽ ቅር አለው መሰለኝ፤ የመጀመሪያው ጠያቂ እሱ ነበር የመሰለው።

ሁለቱን ረድፍ በተማሪ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዬ አሳየሁት። ፊዚክስ የሚወድ ልጅ ነውና መጀመሪያ የፈለገው የሚያፈርሰውን ነገር ነው። አገኘም። «ጋሼ፣ ዓሦቹ የሚሞሉት ባሕር እኮ የተሰበሰበው ማክሰኞ ነው፤ አንተ ግን ከሰኞ ጋር ነው ያጣመርካቸው።» እውነቱን ነው። ሌላም አለ፦ የረቡዕ መብራቶች የተቀመጡት ሰኞ በተዘረጋው ጠፈር ላይ ነው። ጥንዶቹ እንደ ሳጥንና ክዳን አይገጥሙም። ይህን የሚደብቁ ጸሐፊዎች አሉ፣ እኔ ግን መደበቁ አይታየኝም። ጎበዝ ገጣሚ ቤት ሁሉ በእኩል ጥብቀት እንዲመታ አያደርግም፤ ሐሳቡ ሲጠይቅ ይለቀዋል። ውኃ ሰኞ ተከፍሎ ማክሰኞ ተሰብስቧል፣ ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ዝርዝር አለ። ጽሑፉ ሥራውን እያየ መልካምነቱን የሚመሰክርበት ቃል፣ «ቶቭ»፣ በዕብራይስጡ ሰኞ ላይ የለም። ማክሰኞ ላይ ግን ሁለት ጊዜ አለ። የአይሁድ ሊቃውንት የሰጡት ምክንያት ቆንጆ ነው፦ የውኃው ሥራ ሰኞ አላለቀም፣ ያላለቀ ሥራ ደግሞ አይመሰገንም፤ ማክሰኞ ሲያልቅ ለእሱ አንድ፣ ለዕፀዋቱ አንድ ተመሰገነ። በዚህ የተነሣ ማክሰኞ ድርብ መልካም ቀን ነው ተብሎ እስከ ዛሬ በአይሁድ ዘንድ ሠርግ የሚደገስበት ቀን ሆኗል። የግሪኩ ሰባ ሊቃናት ትርጉም ግን የሰኞው ጉድለት ስላልጣመው ይመስላል፣ እዚያም ላይ መልካም የሚለውን ጨምሮበታል። አያችሁ፣ መዋቅር የገባው ሰው አንድ ቃል ሲጎድል ይሰማዋል።

«ቶቭ» በጠቅላላ ሰባት ጊዜ ነው የመጣው፤ ሰባተኛው ላይ «እጅግ» ተጨምሮበታል። ሰባት ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ጥልፍ ክር ሄዷል። የመጀመሪያው ቁጥር በዕብራይስጥ ሰባት ቃላት አሉት። ሁለተኛው ቁጥር ዐሥራ አራት። «ኤሎሂም» የሚለው የፈጣሪ ስም ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ቀን መጨረሻ 35 ጊዜ ተጠርቷል፣ አምስት ጊዜ ሰባት። «ኤሬጽ»፣ ማለትም ምድር፣ 21 ጊዜ። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጣሊያናዊ ተወላጁ ኡምቤርቶ ካሱቶ እነዚህን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ማብራሪያው ዘርዝሯቸዋል። ማንም ጽሑፉን ይዞ መቁጠር ይችላል፤ እኔም ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

(በቅንፍ፦ እባካችሁ ይህን ወስዳችሁ ከስልክ ቁጥር ጋር እየደመራችሁ ትንቢት አታውጡ። ዩቲዩብ በዚህ ሞልቷል። እዚህ ቁጥሩ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጆሮህን ወደ ሰባተኛው ቀን ለማዘንበል።)

አሁን ወደ ረቡዕ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

እስካሁን «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው» እያልኩ መጣሁ እንጂ፣ ጽሑፉ ፀሐይ የሚል ቃል አልተጠቀመም። ጨረቃም አላለም። አንዱን ትልቁ መብራት፣ ሌላውን ትንሹ መብራት ብሎ አለፈ። ዕብራይስጥ ለፀሐይ ቃል አጥቶ አይደለም፤ «ሼሜሽ» የሚባል የታወቀ ቃል አለው። ችግሩ ቃሉ ራሱ ነው። በባቢሎን «ሻማሽ» የፀሐይ አምላክ ስም ነበር፣ ቤተ መቅደስ ያለው፣ የፍርድ አምላክ ተብሎ የሚመለክ። ጨረቃም «ሲን» በሚል ስም ይመለክ ነበር። ጸሐፊው ስማቸውን ዘለለው። በባቢሎን ዕጣ ፈንታ ይነበብባቸው የነበሩት ከዋክብትማ በዕብራይስጡ የተሰጣቸው ሁለት ቃል ነው፤ የረሱትን ዕቃ እንደማስታወስ ያህል መጨረሻ ላይ ጣል ተደርገዋል። የሀገር ገዢ ሲጠራ ሹመቱንና ማዕረጉን ሳይጠቅሱ «ያ ረጅሙ ሰውዬ» ብሎ እንደማለፍ ነው። ድፍረቱ የሚሰማው ያንን ገዢ የሚፈራ ሰፈር ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው።

ብዙ ምሁራን ይህ ጽሑፍ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በባቢሎን ምርኮ ዘመን ወይም በዚያ አካባቢ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ክርስቶስ ነው ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ለሙሴ ይሰጠዋል። በዚህ ላይ ለመከራከር አልተነሣሁም፤ በግብፅም ቢሆን ፀሐይ ትመለክ ነበርና ነጥቡ በሁለቱም ይሠራል። እስቲ ግን ምርኮኛውን አስቡት። ከተማው ተቃጥሏል፣ ቤተ መቅደሱ ፈርሷል፣ የማራኪዎቹ አማልክት በሰልፍ ያልፋሉ። የባቢሎኖቹ የፍጥረት ታሪክ «ኤኑማ ኤሊሽ» በሰባት የሸክላ ጽላቶች የተጻፈ ነው፤ ከነነዌ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ ጆርጅ ስሚዝ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም አስተዋወቀው። በዚያ ታሪክ ዓለም የሚሠራው ከጦርነት በኋላ ነው። ማርዱክ የባሕር እናት የሆነችውን ቲያማትን ገድሎ፣ ሬሳዋን ለሁለት ሰንጥቆ ሰማይን ይሠራል። ሰዎች የሚፈጠሩት ደግሞ የአማልክቱን ሥራ እንዲሸከሙላቸው ነው። አማልክቱ እንዲያርፉ፣ ሰው እንዲለፋ።

ዘፍጥረት 1 ላይ ጥልቁ አለ፤ ስሙ «ቴሆም» ነው፣ ከቲያማት ጋር የሥር ዝምድና ያለው ቃል። ውኃም ለሁለት ይከፈላል። ውጊያ ግን የለም። ጠላት የለም። ቃል ይወጣል፣ ይሆናል። የባሕር ታላላቅ አውሬዎች እንኳ ሐሙስ ዕለት «ተፈጠሩ» ነው የተባሉት፤ እዚያ የተመረጠው ግስ «ባራ» ነው፣ ለፈጣሪ ብቻ የሚውለው። በመጀመሪያው ቁጥር ለሰማይና ለምድር መጥቶ፣ ከዚያ ጠፍቶ የሚመለሰው በእነዚህ አውሬዎች ላይ ነው። ተቀናቃኝ አይደሉም፣ ሥራ ናቸው ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሰው ላይ ሲደርስ ያው ግስ በአንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፣ ጽሑፉ ስድ ንባብነቱን ትቶ ቅኔ ሊሆን ምንም አይቀረው። በዚያ ዘመን የፈጣሪ መልክ የሚባለው ንጉሡ ነበር። እዚህ ግን ወንዱም ሴቷም፣ ንጉሥ ሳይሆኑ፣ መልኩን ይዘዋል።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህን ይመስላል። ፀሐይ ረቡዕ ድረስ የቆየችው ጸሐፊው ጠዋት ከምን እንደሚመጣ ስላላወቀ አይደለም። ከእኛ ይልቅ እሱ ነው በፀሐይ ሰዓት የኖረው፤ መብራት ኃይል አልነበረውም። ሆን ብሎ ነው ያቆያት። ብርሃን ያለ እሷ ሦስት ቀን ይበራል፣ ሣር ያለ እሷ ይበቅላል፣ ከዚያ መጥታ ሥራ ይሰጣታል። ሹመቷ ቀንን መግዛት ነው፤ ተሿሚ ናት፣ ሿሚ አይደለችም። በዕብራይስጡ የተጠራችበት «ማኦር» የሚለው ቃል በኋላ በኦሪት ዘፀአት ለደብተራ ኦሪቷ መብራት የሚውል ቃል ነው። አምላክ የተባለችው ፀሐይ በአምላክ ቤት የተሰቀለች መብራት ሆነች።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማና «ታዲያ ግጥም ከሆነ አልተደረገም ማለት ነዋ?» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ይደናገራል። ስለ ዐድዋ የተገጠመ ግጥም ቤት ስለመታ ዐድዋ አልተደረገም አይባልም። ግን ደግሞ ገጣሚው ፈረሱን ከመድፉ በፊት ስለጠራ ፈረሱ ቀድሞ ደርሷል ብሎ የጦር ሪፖርት መጻፍም አይቻልም። መዋቅሩ ፍጥረት በስንት ጊዜ እንደተከናወነ አይነግረኝም። የሚነግረኝ ጸሐፊው ለየትኛው ጥያቄ እየመለሰ እንደነበር ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ «በምን ቅደም ተከተል?» ሳይሆን «ማን ነው ጌታው? እኔስ ባሪያ ነኝ ወይስ ምን?» የሚል ነበር። በግሌ ቀኑን ወደ ሚሊዮን ዓመት የሚለጥጡት ሰዎች ሁለቱንም የሚያበላሹ ይመስለኛል። ሳይንሱም አይገጥምላቸውም፣ የዛፎቹ ነገር እንዳለ ነው። ጽሑፉንም ማታና ጠዋት ያለውን ቀን አሳጥተውት መዋቅሩን ያፈርሱታል። የሚሞክሩት በቅንነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አይሆንም።

እናቴ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ስንዴ እየለቀመች ስትሰማ ነበር ለካ። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ሥነ ፍጥረትን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቃለች። ድንገት ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፦ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት። ሃያ ሁለት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ትምህርት ይህ ነው። ቁጥሩ ጥንታዊ ነው፤ በመጽሐፈ ኩፋሌ ላይ፣ አከፋፈሉ ትንሽ ቢለይም፣ ድምሩ ያው ሃያ ሁለት ነው። ኩፋሌ ደግሞ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በሌላ ቋንቋ ያለው ቁርጥራጭ ነው። እና ኩፋሌ ሃያ ሁለቱን ፍጥረት ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት ሃያ ሁለት አበው ጋር ያገናኛቸዋል። መዋቅር መቁጠር የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉኝ ወዳጆቼ ይህን እነግራቸዋለሁ። አክሲማሮስ የሚባለው መጽሐፋችን ስሙ ራሱ «ስድስት ቀን» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የቀኖቻችን ስምም እዩት፦ እሑድ አንድ፣ ሰኞ ከሰኑይ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። በየሳምንቱ ሳናውቀው እንቆጥራለን።

ቆጥራ ስትጨርስ እናቴ ወደ ሁለታችን ዞር አለችና «እናንተ ግን ዓርብ ላይ ነው የቆማችሁት። ቅዳሜስ?» አለች።

ልክ ናት። ክርክሩ ሁሉ፣ የልጁም፣ የዘመዳችንም፣ የኢንተርኔቱም፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ ባለው ላይ ነው። ሰባተኛውን ቀን የሚያነሳ የለም። ጥፋቱ በከፊል የምዕራፍ አከፋፈሉ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን አሁን በምናውቃቸው ምዕራፎች የከፈሉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ነው። ምዕራፍ 1ን የዘጉት ዓርብ ማታ ላይ፣ ቅዳሜን ወደ ምዕራፍ 2 ገፍተው። ግጥሙን የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሳይደርስ እንደ ማጠፍ ነው። ቁጥር ሁሉ ወደ ሰባት ሲያዘነብል ቆይቶ፣ ስምንት ሥራ ወደ ስድስት ቀን ተጨቁኖ ቦታ ተለቆለት፣ ሲደርስ ገጽ ገለጥን።

ሰባተኛው ቀን ጥንድ የለውም። አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው ጋር ሲሄድ እሱ ብቻውን ቆሟል። ደግሞ አንደኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ብታዩ፣ መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው፣ ሦስቱም ስለ ጊዜ ናቸው፦ ቀንና ሌሊት፣ ዓመትና በዓላት፣ ሰንበት። በዕብራይስጥ የሰባተኛው ቀን አንቀጽ 35 ቃላት ነው፤ በመካከሉም «ሰባተኛው ቀን» የሚል ሐረግ ያላቸው ሰባት ሰባት ቃል የሆኑ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት እንደ ደወል ይመታል። የተባለው ነገር ደግሞ ቀኑ ተባረከ፣ ተቀደሰ ነው፤ ግሶቹ የእኛው «ባረከ» እና «ቀደሰ» ናቸው፣ ከነሥራቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተቀደሰ የተባለው ብቸኛ ነገር ይህ ነው። ተራራ አልተቀደሰም፣ ከተማ አልተቀደሰም፣ ሕንፃ አልተቀደሰም። ቀን ነው የተቀደሰው። ቤተ መቅደሱ ለፈረሰበት ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባቢሎን ቀንን ማቃጠል አትችልም። ረቢ አብርሃም ኢያሱ ሄሼል በ1951 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሰንበት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ በጊዜ ውስጥ የተሠራ ቤተ መንግሥት አድርጎ አይቶታል።

የኤኑማ ኤሊሹን ባሪያ አስታወሳችሁት? እዚያ ሰው የተፈጠረው አማልክት እንዲያርፉ ነበር። እዚህ ግን ፈጣሪው ሠርቶ ራሱ ያርፋል፤ በዘፀአት ላይ ደግሞ ያ ዕረፍት ለአገልጋዩ፣ ለአገልጋይቱ፣ ለከብቱ፣ ለእንግዳው ሳይቀር ሕግ ይሆናል፤ ምክንያቱም የፍጥረት ሰባተኛ ቀን ነው ተብሎ። ዛሬ በዐረብ ሀገር ሰው ቤት እየሠሩ በሳምንት አንዲት ቀን እንኳ የማይሰጣቸው እህቶቻችን ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ፀሐይ ረቡዕ መፈጠሯ ላይ የሚቆሙ አይመስለኝም።

እናቴ ቅዳሜ ልብስ አታጥብም፣ እህል አትፈጭም። ጎረቤቶቿ የከተማ ልጆች «እሑድ አይበቃም እንዴ?» ሲሏት ትስቃለች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ስለዚችው ቅዳሜ ከሀገር እስከ መውጣት መድረሱን፣ ተከታዮቹ ሲሳደዱ ኖረው በ1450 (እ.ኤ.አ.) በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ መወሰኑን አታውቅም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም «ትእዛዘ ሰንበት» የሚል መጽሐፍ በግዕዝ ይዘው በየጎንደሩ መንደር ሰንበትን በምን ጥብቀት እንዳከበሩ፣ በኋላም ወደ እስራኤል እንደሄዱ አታውቅም። መዋቅሩን ግን ኖራዋለች። ስድስት ቀን ትለፋለች፣ ሰባተኛው ላይ ታቆማለች። እኔ ሁለት ምሽት የፈጀሁበትን ቆጠራ እሷ ሰባ ዓመት ቆጥራዋለች።

ልጁ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ ብዬ የምጽፍላችሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ አልተመለሰም። ግን የሁለቱን ረድፍ ወረቀት ወስዶ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር አግኝቶ መጣ፦ ለስድስቱ ቀናት ሁሉ መዝጊያ ላይ የሚመጣው የማታና የጠዋት አዝማች ለሰባተኛው ቀን የለም። አማርኛውን ብቻ አንብቦ ነው ያየው። «ረስተውት ነው ወይስ ሆን ብለው?» አለኝ። ዕብራይስጡን ገልጠን አየን፤ እዚያም የለም። ቀኑ ተከፈተ፣ አልተዘጋም። እናቴ ከዚያው ከበረንዳው ሆና «ሰንበት ማታ የለውማ!» አለች፣ ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከራትም። አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠና ስንዴውን አብሯት መልቀም ጀመረ።

ከሰባተኛው ቀን ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር «ሰማይና ምድር» የነበረው ቅደም ተከተል እዚያ ላይ ተገልብጦ «ምድርና ሰማይ» ይሆናል፤ የፈጣሪ ስምም ይቀየራል፤ ቀጥሎም ሰው ከዕፀዋቱ በፊት ይመጣል። ልጁ እዚያ ከመድረሱ በፊት እኔ ቀድሜ ላንብበው ብያለሁ። ያንን ለሌላ ጊዜ።